ድሪል ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳችሁን እዩ

የመጋረጃው ዘንግ ከተገዛ ስንት ጊዜ ሆነው? የልጆቹ መጻሕፍት መደርደሪያስ አሁንም መሬት ላይ ነው? የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን በር በአንድ ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ ስንት ወር ቆየ? በብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ሥራዎች ይከማቻሉ። ሚስት ታስታውሳለች፤ ባል «ቅዳሜ» ይላል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ባለሙያ ይፈለጋል። ባለሙያው ደግሞ ለሦስት ቀዳዳ ብሎ አይመጣም፤ ቢመጣም የሚጠይቀው ዋጋ ያስደነግጣል። በመጨረሻም ከሁለት አንዳቸው «ለምን ድሪል ገዝተን ራሳችን አንሠራውም?» ይላሉ።

ሐሳቡ መልካም ነው። ባልና ሚስት ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያስተካክሉ ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ልጆችም ሥራን ያያሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። በችኮላ ሱቅ ይኬዳል፤ በሣጥን የተሞላ የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ይገዛል፤ ቤት ሲደርስ ግድግዳውን አይበሳም፤ ወይም ቀዳዳው ይሰፋና ዘንጉ ከነመጋረጃው ይወድቃል። ከዚህ የከፋም አለ፤ ጣት ይቆረጣል፣ ዓይን ይጎዳል፣ በኤሌክትሪክ የሚያዝ ሰው ይኖራል።

እንግዲያው በዚህ ጽሑፍ አጥብቀን የምንነግራችሁ አንድ ነገር ነው። መሣሪያን የሚመርጠው የቤታችሁ ሥራ እንጂ ባለ ሱቁ አይደለም፤ መሣሪያውን የሚይዘው እጅ ደግሞ ከሥራውም ከመሣሪያውም ይበልጣል።

አብራችሁ ተቀመጡና ሥራውን ዘርዝሩ

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ሁለታችሁም በየክፍሉ እየዞራችሁ በሚቀጥሉት 12 ወራት በቤታችሁ ሊሠራ የሚገባውን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ስጡ። የሚበሳው ወይም የሚቆረጠው ነገር ምንድን ነው? እንጨት፣ ብረት፣ ብሎኬት፣ ኮንክሪት ወይስ ሴራሚክ? ሥራው ስንት ጊዜ ይደጋገማል? ቢበላሽስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

ከዚህ በኋላ ዝርዝሩን በአራት ክፈሉት፦ የምንገዛለት፣ የምንዋስለት፣ የምንከራይለት፣ ባለሙያ የምንጠራለት ብላችሁ። የሦስት ክፍል መጋረጃ፣ መደርደሪያ፣ የፎቶ ፍሬም፣ የበር ማጠፊያ ካላችሁ ድሪል መግዛት ያዋጣችኋል። በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ብረት ለመቁረጥ ግን ግራይንደር መግዛት አያስፈልግም፤ ብረቱን ለክታችሁ በሠፈራችሁ ካለ በያጅ ዘንድ ብትወስዱት ይቆርጥላችኋል። አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋትና ቦይለር መስቀል ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃው ብቻ 50 ኪሎ እንደሚመዝን አስቡ፤ የራሱ ክብደት ሲጨመርበት በመታጠቢያ ክፍል ከራሳችሁ በላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ሸክም ነው።

መዋስንም አትናቁ። በቤት ለቤት ኅብረታችሁ ውስጥ አራት ወይም አምስት ቤተ ሰቦች ካላችሁ፣ ከባዱን መሣሪያ እያንዳንዳችሁ ከምትገዙ አንዱን ተጋርታችሁ ብትገዙ ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ። ነገር ግን ስምምነቱ ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። የተዋሰ ሰው አጽድቶ ይመልስ፤ የሰበረውን ፑንታ ይተካ፤ መሣሪያው እንግዳ ድምፅ ካሰማ ሳይደብቅ ይናገር። በዝምታ የተመለሰ የተቃጠለ ድሪል ወዳጆችን ያቀያይማል።

ግድግዳችሁ ከምን ተሠራ?

ድሪል የሚመረጠው በግድግዳ ነው። ግድግዳችሁን በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ክፍት ነው ማለት ነው፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ ድምፅ ከነፈገ ኮንክሪት ሊሆን ይችላል።

ጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር አይዝም፤ ጭቃው ይፈረፈራል። መፍትሔው በጭቃው ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጎ የእንጨት ብሎኑን በቀጥታ እንጨቱ ላይ ማሰር ነው። ለዚህ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ብሎኬት ከሆነ፣ በከተሞቻችን አብዛኛው የኮንዶሚኒየምና የግቢ ቤት ግድግዳ እንዲህ ነውና፣ የተለመደው ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲኖረው ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ውስጡ ግን ክፍት ነው። ልስኑንና የብሎኬቱን ቅርፊት እንዳለፋችሁ ፑንታው ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባል። በኃይል ከደበደባችሁት ቅርፊቱ ከውስጥ በኩል ይሰበራል፤ ፊሸሩም የሚይዘው ያጣል።

ኮንክሪት የሚገኘው በኮለኑ፣ በቢሙና ብዙውን ጊዜ ከመስኮትና ከበር በላይ ባለው ክፍል ነው። የመጋረጃ ዘንግ የሚሰቀለው በትክክል እዚያ ላይ መሆኑን ልብ በሉ! ብዙ ሰው «ድሪሌ አይሠራም» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ድሪሉ አልተበላሸም፤ ያጋጠመው ኮንክሪት ነው። ፑንታው ድንገት ከቆመና ብረት የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ደግሞ ፌሮ ነክታችኋል፤ ቤቱን የሚሸከመውን ብረት ለመብሳት አትታገሉ፤ ቀዳዳውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጉት።

በአንዳንድ ቤቶች የውስጥ ክፍልፋዩ አግሮስቶን ወይም ጂፕሰም ቦርድ ነው። እነዚህን ሳትደበድቡ በቀስታ ብሱ፤ ለባዶ ግድግዳ የተሠራ የሚከፈት ማሰሪያም ተጠቀሙ፤ ከባድ ነገርም አትስቀሉባቸው።

ሦስቱ የድሪል ዓይነቶች

የመጀመሪያው የባትሪ ድሪል ነው። 12 ወይም 18 ቮልት ባትሪ ይይዛል። ብሎን ለማሰርና ለመፍታት፣ እንጨትና ስስ ብረት ለመብሳት፣ ማጠፊያ ለመቀየር እጅግ ይመቻል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ገመድ ስለሌለውም ለጀማሪ ይቀልላል። ሣጥኑ ላይ «20 ቮልት ማክስ» የሚል ብታዩ ከ18 ቮልቱ ይበልጣል ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ 20 የሚባለው ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሥራ ሳይጀምር የሚለካው ነው፤ ሥራ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሁለተኛው በገመድ የሚሠራው ባለመዶሻ ድሪል ነው። ከ600 እስከ 800 ዋት የሆነና እስከ 13 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚይዝ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ውስጡ ያሉት ሁለት ጥርሳም ብረቶች አንዱ በሌላው ላይ እየዘለሉ ፑንታውን በፍጥነት ያንኳኩታል። ማንኳኳቱን በአንዲት ማዞሪያ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። ብሎኬትንና ልስንን በደንብ ይበሳል፤ ኮንክሪት ላይ ግን ኃይሉ በአብዛኛው ከክንዳችሁ ግፊት ስለሚመጣ ትደክማላችሁ።

ሦስተኛው ለኮንክሪት የተሠራው ነው፤ አንዳንዶች በታወቀ ፋብሪካ ስም «ሂልቲ» እያሉ ይጠሩታል። በውስጡ ያለው ፒስተን አየር እያመቀ ፑንታውን ይመታል፤ ኃይሉ ከማሽኑ እንጂ ከክንዳችሁ አይመጣም። ፑንታውም ልዩ ነው፤ ጭራው ላይ መቀርቀሪያ የሚይዝበት ጎድጓዳ መስመር ያለውና ኤስዲኤስ የሚባለው ነው። ባለመዶሻው ድሪል ረጅም ደቂቃ የሚታገልበትን የኮንክሪት ቀዳዳ ይህኛው በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ቤታችሁ ኮንክሪት የሚበዛበት ከሆነ ወይም በኅብረት የምትገዙ ከሆነ ምርጫችሁ ይህ ይሁን።

እንግዲህ አንዱን ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ቤተ ሰብ የትኛውን ይግዛ? ሥራችሁ በአብዛኛው እንጨትና የቤት ዕቃ ከሆነ የባትሪውን፣ ብሎኬት ከሆነ ባለመዶሻውን እንላለን። የመብራት ሒሳብ አያሳስባችሁ፤ 600 ዋት ድሪል ለ10 ደቂቃ ያለማቋረጥ ቢሠራ የሚፈጀው 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

ፑንታና ፊሸር

ጥሩ ድሪል ከመጥፎ ፑንታ ጋር ጥቅም የለውም። ለግድግዳ የሚሆነው ፑንታ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ጠንካራ የብረት ቁራጭ የተበየደበት ነው። የብረት ፑንታ ጫፉ ሹል ሆኖ ጠርዙ ስለታም ነው። የእንጨት ፑንታ ደግሞ መሐል ላይ እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ አለው። የእንጨቱን ግድግዳ ላይ ብትጠቀሙበት በአንድ ቀዳዳ ይጠፋል። ጥቂት ግን ጥራት ያላቸው ፑንታዎች ግዙ፤ 6፣ 8 እና 10 ሚሊ ሜትር ለግድግዳ ይበቋችኋል።

ግድግዳ ውስጥ የምንከተውን ፕላስቲክ «ፊሸር» የምንለው ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ፈለሰፈው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብሎኑ ሲገባ ፕላስቲኩ ይሰፋና የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል። ስለዚህ ሦስቱ መመጣጠን አለባቸው። 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ብሎኑም ከ4.5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ቀጭን ብሎን ካስገባችሁ ፊሸሩ አይሰፋም፤ ወፍራም ካስገባችሁ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው ከፊሸሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ ይበል። ለባዶ ብሎኬት ረዘም ያለውን ፊሸር ምረጡ።

ሱቅ ውስጥ ምን ትመለከታላችሁ?

በዋት ብዛት አትታለሉ። ዋት ማሽኑ የሚፈጀውን ኃይል እንጂ ጥራቱን አይናገርም። ስሙም ከታወቀው ፋብሪካ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ የታተመው ጽሑፍ የፊደል ስህተት ከበዛበት፣ ቀለሙ በጥፍር ሲፋቅ ከተነሳ ተጠራጠሩ።

ባለ ሱቁ እንዲሰካላችሁ ጠይቁና በእጃችሁ ይዛችሁ አስነሱት። የመጫኛው ቁልፍ በቀስታ ሲጫኑት በቀስታ፣ በደንብ ሲጫኑት በፍጥነት ሊዞር ይገባል። ስትለቁት ወዲያው ኃይሉ ይቋረጥ። ፑንታ አስገብታችሁ ስታዞሩት ጫፉ እየተወዛወዘ ክብ ከሠራ አትውሰዱት። የጎን እጀታው መኖሩን አረጋግጡ። በውስጡ የሚያልቀውን ካርቦን በአገር ውስጥ ማግኘት እንደሚቻልና ዋስትናው ምን እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ከዚያም ስም ሰሌዳውን አንብቡ። አንዱ ሳጥን በሌላ ሳጥን ውስጥ የተሳለበት ምልክት ካለው ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ እጃችሁ እንዳይደርስ በሁለት ሽፋን ተከልሏል።

ቮልቱን ማየት ደግሞ ግዴታ ነው፤ በተለይ መሣሪያው ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ ከሆነ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም እኅት በፍቅር የላከው ድሪል ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። በቀጥታ ብትሰኩት በሰከንዶች ውስጥ ይጨሳል። የስፒናው ቅርጽ መቀየሪያ ቮልቱን አይቀይርም! የሚያስፈልገው ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ነው፤ እሱም ከድሪሉ ዋት የሚበልጥ አቅም ሊኖረው ይገባል፤ ዋጋውም ክብደቱም ቀላል አይደለም። የባትሪ ድሪል ከሆነ የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ሰኩት፤ «120» ብቻ ከሆነ አትሰኩት። ከአውሮፓና ከዱባይ የሚመጣው በአብዛኛው ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል። እንግዲህ በባሕር ማዶ የምትኖሩ ወገኖች፣ ለቤተ ሰብ መሣሪያ ስትልኩ ይህን አስቡ።

ግራይንደር፦ ከሁሉ የሚያስፈራው

ከቤት መሣሪያዎች ሁሉ አንዱን «ተጠንቀቁ» በሉ ብንባል የምንመርጠው ግራይንደርን ነው። ትንሹ ግራይንደር 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይይዛል፤ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ ማለት የዲስኩ ጠርዝ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሽከረከራል። ዲስኩ ቢሰበር ቁርጥራጩ የሚበረው በዚህ ፍጥነት ነው። በእርሱና በፊታችሁ መካከል ያለው የብረቱ መከለያ ብቻ ነው።

በአገራችን ብዙ ሠራተኛ ግን «ሥራ ያስቸግረኛል» ብሎ መጀመሪያ የሚያወልቀው ይህንኑ መከለያ ነው። መከለያው የሚወልቅበት ሌላው ምክንያት ደግሞ ትልቅ ዲስክ በትንሽ ማሽን ላይ ለመግጠም ነው። 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ከ8,500 ዙር ብዙም እንዳያልፍ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በ11,000 ዙር ብታዞሩት ይበተናል። ስለዚህ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ዙር ከማሽኑ ዙር የሚያንስ ከሆነ አትግጠሙት። በመሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የታተመውን ቀንም እዩ፤ ዲስክ ጊዜው ያልፋል፤ እርጥበት የነካውና የተሰነጠቀውም ይጣላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው በግራይንደር ላይ ጥርስ ያለው የእንጨት መጋዝ ገጥሞ እንጨት መቁረጥ ነው። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ አምልጦ ወደ ጭን፣ ወደ ሆድ ወይም ወደ አንገት ይመለሳል። ማንም ሰው «እኔ ለምጄዋለሁ» ቢላችሁ አትስሙት። እንጨትና ኮምፔርሳቶ ለመቁረጥ ጅግሶው ወይም የእጅ መጋዝ አለ። ጅግሶው ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚያምረውን ፊት ወደ ታች አዙራችሁ ቁረጡ።

ግራይንደር መጠቀም ግድ ከሆነ በሁለት እጅ ያዙ፤ ከዲስኩ መስመር ፈቀቅ ብላችሁ ቁሙ፤ በቀጭን መቁረጫ ዲስክ ጎን አትሞርዱ፤ ስታጠፉትም መዞሩን እስኪያቆም መሬት አታስቀምጡት። ብልጭታው ሜትሮችን አልፎ ይሄዳል፤ መጋረጃ፣ ስፖንጅ ፍራሽ፣ የጋዝ ሲሊንደርና ቤንዚን በአካባቢው አይኑር።

መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ

እኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ግራይንደርና ድሪል ጣት እንዳይደክም ቁልፉን ቆልፎ የሚይዝ ትንሽ አዝራር አላቸው። በሥራ መካከል መብራት ቢጠፋ ሰው መሣሪያውን እንደተቆለፈ አስቀምጦ ቡና ሊጠጣ ይገባል። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል! በአጠገቡ ሕፃን ቢኖርስ? ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ቁልፉን አላቁ፤ ስፒናውንም ንቀሉ። ፑንታና ዲስክ ስትቀይሩም እንዲሁ ንቀሉ፤ የባትሪ ከሆነ ባትሪውን አውጡ።

ስስ የኤክስቴንሽን ገመድ አትጠቀሙ። ለእነዚህ መሣሪያዎች የገመዱ የመዳብ ሽቦ ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የተጠቀለለ ገመድ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ካለፈበት ይግላል፤ ሊቀልጥም ይችላል። የተላጠ ገመድ በፕላስተር ሸፍኖ መጠቀምም ይቅር፤ ይቀየር። ግቢው እርጥብ ሲሆንና ዝናብ ሲያካፋ በገመድ የሚሠራ መሣሪያ ደጅ አታውጡ።

ብዙ ሰው ቆጣሪው ዘንድ ያለው ብሬከር ያድነኛል ብሎ ያምናል። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ከመጠን ያለፈ ኃይል እንዳያቃጥለው ነው፤ ሰውን ከመያዝ አያድንም። ሰውን ለማዳን የተሠራው በ30 ሚሊ አምፒር የኃይል መፍሰስ ወዲያው የሚዘጋው አርሲዲ የተባለው መሣሪያ ነው። የቤታችሁ ሰሌዳ ላይ መኖሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሹ፤ ከሌለ ከድሪሉ አስቀድማችሁ እርሱን አስገጥሙ።

ዓይን፣ ጆሮ፣ ሳንባና ልብስ

መነጽር ያለ ክርክር ይደረግ፤ ከጎንም የሚከልል ይሁን። የምታነቡበት መነጽር አይተካውም። ድምፁ 100 ዴሲቤል የሚደርስ ማሽን በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ ያለ መከላከያ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው። የብሎኬትና የኮንክሪት አቧራ ሲሊካ የተባለ ማዕድን አለው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ሲሊካ ሳንባን ያደርቃል። በነጠላ አፍን መሸፈን አያግደውም፤ ኤን 95 የተባለውን ጭንብል አድርጉ፤ መስኮትም ክፈቱ።

ነጠላ፣ ሻሽ፣ ክራባት፣ ረጅም እጅጌና የአንገት ሐብል ከሚዞር ነገር ይራቁ። ረጅም ጸጉር ይታሰር። ድሪል ስትይዙ የክር ጓንት አታድርጉ፤ ፑንታው ጓንቱን ከያዘ ጣታችሁንም ይዞ ይዞራል።

የመጀመሪያዋ ቀዳዳ

1. ቦታውን በሜትርና በውሃ ልክ ለክታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አንዳችሁ ስትይዙ ሌላችሁ ከሩቅ ሆናችሁ እዩ፤ መጋረጃ ሲጣመም የሚታየው ከሩቅ ነው።

2. ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የት እንዳሉ ተመልከቱ። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይሄዳል። በእነዚህ መስመሮች ላይ አትብሱ። በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ክፍል የውሃ ቧንቧውንም አስቡ።

3. የፊሸሩን ልክ በፑንታው ላይ ለክታችሁ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ፕላስተር ጠቅልሉበት። ፕላስተሩ ግድግዳውን ሲነካ ጥልቀቱ በቃ ማለት ነው።

4. ከሥር ወረቀት አጥፋችሁ ለጥፉ፤ አቧራው እዚያ ይጠራቀማል።

5. ማንኳኳቱን አጥፍታችሁ በቀስታ ጀምሩ። ፑንታው ቦታውን ከያዘ በኋላ ኮንክሪት ከሆነ ማንኳኳቱን አብሩ፤ ብሎኬት ከሆነ በተቻለ መጠን ሳታንኳኩ ቀጥሉ። ሴራሚክ ከሆነ ሴራሚኩ እስኪያልፍ ድረስ ፈጽሞ አታንኳኩ፤ ለሴራሚክ በተሠራ ፑንታ ብሱ።

6. እግራችሁን አጽንታችሁ፣ የጎን እጀታውን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ግፉ። በየጊዜው ፑንታውን እያወጣችሁ አቧራውን አራግፉ። ማሽኑ ከጋለ ወይም ከሸተተ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳትገፉ በባዶው አዙሩት፤ ይቀዘቅዛል።

7. ቀዳዳውን አጽዱ፤ ፊሸሩን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፤ ብሎኑን እሰሩ። ብሎኑ ያለ ትግል ከዞረ አልያዘም፤ ተስፋ አድርጋችሁ አትስቀሉበት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ በዝግታ የተበሳ አንድ ቀዳዳ በችኮላ ከተበሱ አምስት ይሻላል።

አደጋ ቢደርስ

ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ አትንኩት፤ አስቀድማችሁ ኃይሉን ከሰሌዳው አጥፉ። ዓይን ውስጥ ስባሪ ከገባ አትሹት። አቧራ ከሆነ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ የተሰካ ነገር ከሆነ ግን ሳታወጡ፣ ሳትጫኑ፣ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱ። ጣት ከተቆረጠ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙ፤ የተቆረጠውን ክፍል በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ከረጢት አድርጉ፤ ከረጢቱን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ጣቱ ራሱ በረዶውን እንዳይነካ፤ ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ማንም ብቻውን ቤት ሆኖ ግራይንደር እንዳይነካ የምንመክረው ለዚህ ነው።

ባልና ሚስት በአንድ መሣሪያ

ድሪል የወንድ ብቻ አይደለም። የባትሪ ድሪል ከ2 ኪሎ በታች ሊመዝን ይችላል፤ ለክቶና ታግሦ የሚሠራ ሁሉ ይይዘዋል። በብዙ ቤት አጥርታ የምትለካው ሚስት ናት። እንግዲያው ባሎች፣ ሚስታችሁ «ትንሽ ዘመመ» ስትላችሁ አትቆጡ፤ ውሃ ልኩን አብራችሁ እዩ። ሚስቶችም፣ ባላችሁ «ይህን አልችለውም፤ ባለሙያ እንጥራ» ካለ «እነ እገሌማ ራሳቸው ሠርተውታል» አትበሉት። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሥራ በሐፍረት የጀመረ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ «አልችልም» ማለት የቻለ ግን ቤቱን ጠብቋል።

ጎረቤትንም አስቡ። በኮንዶሚኒየም የአንዱ ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በሩን አንኳኩና «ለአንድ ሰዓት ያህል እንረብሻለን» በሉ፤ ጨቅላ ያላት እናት ወይም የታመመ ሰው ካለ ሰዓቱን ቀይሩ።

ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው በሣጥኑ ይግባ፤ ልጆች ከማይደርሱበት ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ባትሪውን ለብዙ ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ከፀሐይ አርቁት። ልጆቻችሁ አጠገባችሁ መሆን ከፈለጉ መነጽር አድርገው ከርቀት ይዩ፤ ሜትር ይያዙ፣ ብሎን ይቁጠሩ።

የፊታችን ቅዳሜ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግድግዳችሁን አንኳኩ፤ ዝርዝራችሁን ጻፉ፤ መነጽሩን ከድሪሉ ጋር በአንድ ደረሰኝ ግዙ። መደርደሪያው ለአንድ ሳምንት ቢዘገይ ግድ የለም፤ የምትሰቅሉት ሁለታችሁም በጤና ቆማችሁ ይሁን።